ከመቶ አንድ ሲሆን በዝርዝር

ኢምራን ይመር ጠዋት ከአልጋው ሲወርድ መጀመሪያ የሚያየው ሚስቱን ሳይሆን ሰሌዳውን ነው። ረምላ በዚህ አትቀየምም፤ እሷም ቀድማ የምታየው ሰሌዳውን ነው። የበሩ መቃን ላይ የተለጠፈች፣ መዳፍ የምታህል ጠፍጣፋ ነገር ናት። በ2086 ዓ.ም. ደሴ ውስጥ ሰሌዳ የሌለው በር ማግኘት መቀርቀሪያ የሌለው በር ከማግኘት ይከብዳል። ቀኑን ትናገራለች፣ ዝናብ ይኑር አይኑር ትናገራለች፣ ከታች ደግሞ የሰማዩን ቁጥር። ብዙውን ጊዜ ቁጥሩ «ከሚሊዮን አንድ» ወይም «ከሰባት መቶ ሺ አንድ» ይላል፤ ማለትም ሰሞኑን በምድር አጠገብ ከሚያልፉት የሰማይ ድንጋዮች አንዱ መንገዱን ስቶ እኛ ላይ የመውደቅ ዕድሉ ያን ያህል ነው። የሚያልፍ ነገር ከሌለ ታችኛው መስመር ባዶ ይሆናል። ያን ጊዜ ሰው «ዛሬ ንጹህ ነው» ይልና ጫማውን ያጠልቃል።

ድንጋዮቹ በአያቶቻቸውም ጊዜ ያልፉ ነበር። የሚያያቸው አልነበረም እንጂ። መመልከቻው እየበዛና እየጠራ ሲመጣ፣ ድሮ በዓመት አንዴ በዜና ይሰማ የነበረው ነገር በሳምንት አርባ ሃምሳ ጊዜ የሚነገር ሆነ። ሰማዩ አልተለወጠም፤ ወሬው ነው የበዛው። የኢምራን ሰፈር ሰዎች ይህንንም ለመዱት፤ ከመልመድም አልፈው ደንብ አወጡለት።

ነገሩ የተጀመረው በ2071 ነው። አንድ ሐሙስ ጠዋት ሰሌዳዎቹ ሁሉ «ከሁለት ሺ አንድ» አሉ። ያን ያህል የቀረበ ቁጥር ታይቶ አይታወቅምና ሰፈሩ ተደበላለቀ። ክርስቲያኑ «ይቅር በለኝ»፣ ሙስሊሙ «አፉ በለኝ» እያለ ከቤት ቤት ሲሯሯጥ ዋለ። ለዓመታት የተኳረፉ ተቃቀፉ። አንዱ የጎረቤቱን በግ መስረቁን ተናዘዘ፤ ሌላው በጉን አብሮ መብላቱን። ድንጋዩ አሥር ሰዓት ላይ ከጨረቃም ርቆ አለፈ፤ የበጉ ነገር ግን እስከ ፋሲካ ሲያጨቃጭቅ ከረመ።

ከዚያ ወዲህ እድሩ «እንዲህ በዘፈቀደማ አይሆንም» ብሎ ጉዳዩን በመተዳደሪያ ደንቡ አንቀጽ አሥራ አራት አስገባው። ቁጥሩ ከአሥር ሺ አንድ ሲደርስ ጎረቤት ለጎረቤቱ ሞቅ ያለ ሰላምታ ይሰጣል። ከሺ አንድ ሲደርስ ቤት ለቤት እየተዞረ «የምታውቀውንም የማታውቀውንም ይቅር በለኝ» ይባላል፤ በጥቅሉ ነው፣ ዝርዝር አይጠየቅም። ከመቶ አንድ ሲደርስ ግን በዝርዝር፣ ፊት ለፊት፣ የእድሩ ጸሐፊ ባሉበት። ይህቺን ሦስተኛዋን ያስገቧት አንድ ጡረታ የወጡ ዓቃቤ ሕግ ናቸው፤ ይደርሳል ብለው ሳይሆን የጎደለ ደንብ ሲያዩ ስለሚያማቸው ነው።

በጥቅሉ የሚባለው ይቅርታ በዓመት አምስት ስድስት ጊዜ ይመጣል። ጠዋት ተቃቅፈው የተላቀሱ ሴቶች ከሰዓት በኋላ በእጣቢ ውሃ ሲጣሉ ማየት የተለመደ ነው።

«አሁን እኮ ይቅር ተባብለናል!» ትላለች አንዷ።

«እሱ እስከ ጠዋት ያለውን ነው» ትላለች ሌላዋ። «ይሄ አዲስ ነው።»

ኢምራን ይህን ሥርዓት ይወደዋል። ሃምሳ አራት ዓመቱ ነው፤ ሥራው ሮቶ መጠገን ነው። በየጣሪያው የተቀመጡትን የውሃ ታንከሮች ስንጥቅ በጋለ ብረት እያቀለጠ ይደፍናል። ከላይ ተስተካክሎ የተለሰነ ነገር ውስጡን ማንም እንደማያየው ከሥራው ተምሯል። ስለዚህ ቁጥሩ ከሺ አንድ በደረሰ ቁጥር አጥር ለአጥር ወደሚጎራበቷቸው ወደ ጋሽ ያፌት ይሄድና፣ «የሚያውቁትንም የማያውቁትንም አፉ ይበሉኝ» ይላቸዋል። «የማያውቁትንም» የምትለዋን ትንሽ ጠበቅ ያደርጋታል።

«አንተማ ምን በድለኸኝ!» ይሉታል ጋሽ ያፌት ትከሻውን እየመቱ።

ጋሽ ያፌት መኪና በሰው እጅ ይነዳ በነበረበት ጊዜ የጅቡቲ መስመር ሾፌር ነበሩ። አሁን ስልሳ ስምንት ዓመታቸው ነው። ሚስታቸው ፌቨን ከሞቱ አሥራ ሁለት ዓመት ሆኗል፤ ልጆቻቸው ሩቅ ናቸው። ከኢምራን የሚቀርባቸው ሰው የለም። ለኢምራንም እንደዚያው።

ጥር ሲገባ ጭብጦ ብቅ አለ። የሰማይ ጥበቃ ቢሮ ረጅም ቁጥር ነው የሰጠው፤ ሰፈሩ ግን ፎቶውን አይቶ «ጭብጦ» አለው። በእርግጥም ሦስት ቀን ያደረ ጭብጦ ይመስላል፤ ስፋቱ ግን ከመናኸሪያው ይበልጣል። መጀመሪያ ከአርባ ሺ አንድ ነበር። ከዚያ ከሦስት ሺ፣ ከዚያ ከሺ። በጥቅሉ ይቅርታ ተጠያየቁና ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ረቡዕ ጠዋት ሰሌዳዎቹ እንዲህ አሉ፦ «ከአርባ አንድ። ቅዳሜ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት።»

ቢሮው መግለጫ ሰጠ። ድንጋዩ ቢወድቅ የት እንደሚወድቅ ስላልታወቀ መሸሽ አያስፈልግም፣ ዜጎች መደበኛ ሥራቸውን ይቀጥሉ አለ። ዜጎችም ቀጠሉ። ዳቦ ቤቱ ዳቦውን ጋገረ፤ ትምህርት ቤቱ የረቡዕን ፈተና አላራዘመም። የእድሩ ጸሐፊ እትዬ ሶልያና ግን መዝገባቸውን በብብታቸው ይዘው ወጡ። በሰፈሩ ውስጥ አሁንም በወረቀት የሚጽፉት እሳቸው ብቻ ናቸው።

«በዝርዝር ነው» አሉ በየበሩ እያንኳኩ። «እስከ አርብ ማታ። አደራ፣ ጥቅልል ያለ ነገር አልቀበልም።»

ኢምራን የጋለውን ብረት እንደያዘ ቆሞ ቀረ።

የማያውቁት የተባለው ነገር ይሄ ነው። ጋሽ ያፌት ግቢ ውስጥ ትልቅ የኮክ ዛፍ ነበረች። ፌቨን ቤቱ የገቡ ጊዜ በእጃቸው የተከሏት ናት። ዛፏ እያደገች ስትመጣ ጥላዋ የኢምራን ጣሪያ ላይ ያሉትን የፀሐይ ሳህኖች ሸፈነ፤ ከሰዓት በኋላ ብረቱ አልግል እያለ ሥራው ተበላሸ። ኢምራን ቅርንጫፎቿ ይቆረጡ ብሎ ሁለት ጊዜ ጠየቀ። ጋሽ ያፌት ሁለት ጊዜ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ታዲያ፣ ጋሽ ያፌት ለለቅሶ ኮምቦልቻ ሄደው የቤታቸውን ቁልፍ ለኢምራን በተዉበት ቅዳሜ፣ ኢምራን ሦስት ኪሎ ጨው በውሃ አፍልቶ በቁልፉ ገባና ሥሯ ላይ ደፋው። በሁለት ወር ውስጥ ደረቀች።

ይሄ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። ኢምራን ግን ኅሊናው ሲቆረቁረው ጊዜ ደግነቱን አበዛው። የእርሻ ባለሙያ ራሱ ጠርቶ አመጣ። ባለሙያው «ምናልባት በሽታ ነው» ሲል፣ ኢምራን «እኔም ጠርጥሬያለሁ» አለ። መድኃኒትና ማዳበሪያ ገዛ። ከጋሽ ያፌት ጋር ቆሞ የደረቀውን ግንድ ሲረጭ ከረመ።

ሐሙስ ምሳ ላይ ረምላ ሳህኑን ወደ እሱ ገፋ አደረገችና፣ «ጋሽ ያፌት ጋ መቼ ነው የምትሄደው?» አለችው።

«እኔ በሳቸው ላይ ምን አለኝ?»

«እኔ ምን አውቄ! ከትናንት ጀምሮ ግን አጥራቸውን እያየህ እህል እምቢ ብሎሃል።»

ኢምራን ነገራት።

«ስንት ኪሎ ነው ያልከው?»

«ሦስት።»

«ያ ጨው!» አለች ጭኗን መትታ። «እኔ እኮ እህትህን ነው የጠረጠርኩት። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እሷ ስትመጣ የወጥ ቤቱን ቁም ሳጥን ስቆልፍ! እንግዲህ እኔም ነገ እሷ ጋ መሄዴ ነው፤ ጉድ አደረግኸኝ።»

«እስቲ አስቢው ረምላ። ከአርባ ሠላሳ ዘጠኙ አይወድቅም ማለት ነው። ካልወደቀ ቅዳሜ አሥር ሰዓት ላይ እኔና እሳቸው እዚሁ ነን፣ በአንድ አጥር።»

«ከወደቀስ?»

«ከወደቀማ ምን ችግር አለ!»

ረምላ ሳቋ መጣና ዋጠችው። «ከወደቀ ሳትነግራቸው አብራችሁ ትሞታላችሁ። እሳቸው ‹ደጉ ጎረቤቴ› እያሉህ፣ አንተም ‹አቤት› እያልክ። ወላሂ፣ እኔ አንተን ብሆን ይሄኛውን ነው የምፈራው።»

አርብ ከጁምዓ በኋላ ኢምራን እትዬ ሶልያናን ይዞ ወደ ጋሽ ያፌት ገባ። እትዬ ሶልያና ከጠዋት ጀምሮ ሠላሳ አንድ ቤት ስላዳረሱ ደክሟቸዋል፤ ቢሆንም የሰሙት ነገር ፊታቸውን አብርቶታል። ዳቦ ቤቱ ለማን ያደረ ዳቦ ሲሸጥ እንደኖረ፣ የማን ውሻ በማን እጅ እንደጠፋ፣ የማን ሰሃን በማን ሠርግ እንደቀረ አሁን ሁሉንም ያውቃሉ። ሠላሳ አንዱም ይቅር ተባብለዋል።

«የናንተ እንኳ ለደንቡ ያህል ነው» አሉ ወንበር ስበው እየተቀመጡ። «በሉ ቶሎ በሉኝ።»

ጋሽ ያፌት ሳቁ። «እኔ ልጀምር። ኢምራን፣ ባለፈው ክረምት የመሰላልህን አንድ እርከን የሰበርኩት እኔ ነኝ። ድመት ነው ያልኩህ ውሸቴን ነው።»

«ድመት መሰላል እንደማይሰብር አውቄ ነበር፤ ይቅር ብያለሁ» አለ ኢምራን። ከዚያ መሬት መሬት እያየ ተናገረ። ስለ ጥላው፣ ስለ ቁልፉ፣ ስለ ጨውና ስለፈላው ውሃ። ሲጨርስ «አፉ ይበሉኝ» አለ።

የእትዬ ሶልያና እስክሪብቶ አየር ላይ ቀረ።

«ለቅሶ የሄድኩ ጊዜ?» አሉ ጋሽ ያፌት።

«አዎ።»

«ቁልፌን ሰጥቼህ?»

«አዎ።»

«ባለሙያውንስ ያመጣኸው አንተ አይደለህም እንዴ?»

«እኔ ነኝ።»

«መድኃኒቱንም?»

«እኔ ነኝ የገዛሁት።»

«በእጅህ አፍልተህ ገድለሃት፣ በእጅህ መድኃኒት ስትረጭላት ከረምክ?»

«አዎ» አለ ኢምራን፣ ለሦስተኛ ጊዜ።

እትዬ ሶልያና ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ጋሽ ያፌት፣ እንግዲህ እዚህ ላይ እርስዎ…»

«ምን ልበል?»

«‹ይቅር ብያለሁ› ነው የሚባለው።»

«ካላልኩስ?»

እትዬ ሶልያና መዝገቡን ወደ ዓይናቸው አቀረቡ፤ ገልብጠውም አዩት። «‹ካላሉ› የሚል ቦታ የለውም።»

«ባዶ ተዪው» አሉ ጋሽ ያፌት። ተነስተው በሩን ከፈቱላቸው።

ቅዳሜ ሰፈሩ ሁሉ ሜዳው ላይ ወጣ። ቁጥሩ ከሠላሳ አንድ ደርሶ ነበር። ሰው እንደ ቤቱ ምንጣፍና መክሰስ ይዞ ተቀምጧል፤ ሽማግሌዎቹ ባርኔጣ አድርገዋል፤ ድንጋይ ቢመጣ ባርኔጣ ምን እንደሚያደርግ የጠየቃቸው የለም። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ከጦሳ ተራራ በላይ ነጭ ነጥብ ታየች፤ በቀን የምትታይ የጨረቃ ፍርፋሪ ትመስላለች። ነጥቧ ሳትቸኩል ተሻገረች። ኢምራን ወደ ሰማይ አላየም፤ ሜዳው ወዲያ ማዶ ብቻቸውን ወደቆሙት ሽማግሌ ነው የሚያየው። ጋሽ ያፌት ደግሞ ነጥቧን ብቻ እያዩ ነበር። በአራተኛው ደቂቃ ጠፋች። ሰዉ አጨበጨበ፣ ሴቶቹ እልል አሉ፣ መክሰሱ ተፈታ። ወደ ቤት ሲመለሱ የሰሌዳዎቹ ታችኛው መስመር ባዶ ሆኖ ጠበቃቸው።

በማግስቱ ታዲያ ስለ ጭብጦ የሚያወራ አልነበረም። የሚወራው ስለ ባዶዋ ቦታ ነው። አንቀጽ አሥራ አራት ከወጣ ጀምሮ እምቢ ያለ ሰው ሲገኝ ጋሽ ያፌት የመጀመሪያው ናቸው። ሰፈሩ ከድንጋዩ ይልቅ በዚህ ተሸበረ። ባለ ዳቦ ቤቱ ደንበኛውን አስቁሞ፣ «አንቺ ግን አርብ ዕለት የማርሽው እኔን ነው ወይስ ቁጥሩን ፈርተሽ ነው?» ብሎ ጠየቃት። ደንበኛዋ አሰበችና፣ «እንጃ፣ ቸኩዬም ነበር» አለችው። የእድሩ ኮሚቴ ሁለት ጊዜ ተሰበሰበ። ጡረተኛው ዓቃቤ ሕግ «ይህንን አለማሰቤ!» እያሉ ራሳቸውን ያዙ። ሦስት ሽማግሌዎች ወደ ጋሽ ያፌት ተላኩ፤ ሻይ ጠጥተው፣ ስለ ጅቡቲ መንገድ ሰምተው፣ ስለተላኩበት ጉዳይ ሳያነሱ ተመለሱ።

ረምላ ከኢምራን እህት ጋር በአንድ ከሰዓት ታረቀች፤ እህቱ «እኔ እኮ የምትቆልፊው ስኳሩን መስሎኝ ነው» ብላ ስቃለች። የኢምራን ነገር ግን እንዲያ አልቀለለም። ለዓመታት ጋሽ ያፌት በየጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ አጥሩን በከዘራቸው መታ መታ እያደረጉ «ያንተ ምን ይላል?» ይሉት ነበር፤ የሁለት ጎረቤታሞች ሰሌዳ ሊለያይ የሚችል ይመስል። እሱም ያነብላቸዋል፤ እሳቸውም የራሳቸውን ያነቡለታል፤ አንድ ዓይነት ሆኖ ሲገኝ ሁለቱም ይረካሉ። አሁን አንድ ሰዓት ይሆናል፣ አጥሩ ጸጥ ይላል። ኢምራን ለአሥር ቀን ቁጥሩን ለራሱ አነበበ። ቁጥር ለብቻ ሲነበብ ያስፈራል፤ ከሚሊዮን አንድ የሚለው እንኳ።

«ልሂድና በድጋሚ ልለምናቸው?» አላት ረምላን።

«ምን ብለህ? እሳቸው ‹አልሰማሁህም› መቼ አሉ። እንግዲህ ተራው የሳቸው ነው።»

በአሥራ አንደኛው ቀን፣ ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ ኢምራን ዳቦ ቤቱ ጣሪያ ላይ የተሰነጠቀ ሮቶ ሆድ ውስጥ ግማሽ አካሉን አስገብቶ ይሠራ ነበር። ከታች ስሙ ሲጠራ ሰማ። ድምፁን ሲለይ ራሱን ከሮቶው ጋር አጋጨ። ወጥቶ ወደ ታች አየ። ጋሽ ያፌት መሰላሉ ሥር ቆመዋል፤ ለታላቅ በዓል የሚለብሱትን ኮት ለብሰዋል።

«ምን መጣ?» አለ ኢምራን ደንግጦ። ሰው ኮት ለብሶ ወደ ሰው የሚሄደው ቁጥሩ ሲቀርብ ነውና ዓይኑ ወደ ዳቦ ቤቱ በር ሰሌዳ ሄደ።

«ምንም አልመጣም» አሉ ጋሽ ያፌት። «አየሁት፤ ንጹህ ነው። ነገም ንጹህ ነው ይላሉ። ለዚህ ነው የመጣሁት።»

ከዳቦ ወረፋው አንዲት ሴትዮ የተራዋን ዳቦ ትታ ወደ መሰላሉ ጠጋ አለች።

«ስለ ዛፏ ይቅር ብዬሃለሁ» አሉ ጋሽ ያፌት አንገታቸውን ወደ ላይ ቀልሰው። «ያን ቀን ብዬህ ቢሆን ኖሮ፣ ፈርቼ ነው ወይስ ከልቤ ነው እያልኩ ስብሰለሰል እኖር ነበር። ዛሬ የሚያስፈራኝ ነገር የለም። ከሰማይም ከምድርም። ፌቨንም ብትሆን በሕይወት ኖራ የዛፏ ጥላ እንዳስቸገረህ ብታውቅ ራሷ ቅርንጫፎቿን ታስቆርጥ ነበር፤ እምቢ ብዬ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ስለዚህ ስለ ዛፏ ጨርሰናል።»

ኢምራን ብረቱን አስቀምጦ እግሩን ወደ መሰላሉ ሰደደ።

«ቆይ፣ አትውረድ!» አሉት። «አልጨረስኩም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አጠገቤ ቆመህ ‹ምን አገኛት› ማለትህን ግን አልማርኩም። እሱ ሌላ ነው። እሱ ብዙ ነው።»

«እሱንስ… መቼ ነው?»

«እንዴት አድርጌ በአንድ ቀን ልማርህ? በዝርዝር ነው የምምርህ። ሰማዩ ንጹህ በሆነ ቀን እየመጣሁ አንድ አንድ እያልኩ። ዛሬ ባለሙያውን ምሬልሃለሁ። መድኃኒቱን ገና።»

«ግንዱን የረጨነውንስ?»

«እሱማ ሩቅ ነው! እሱ ክረምት ይገባበታል።»

ወረፋው ውስጥ ሳቅ ፈነዳ። ጋሽ ያፌት ግን አልሳቁም፤ ኮታቸውን አስተካከሉና ከዘራቸውን ይዘው መንገድ ጀመሩ። ኢምራን ጣሪያው ላይ ቁጢጥ ብሎ በልቡ ዘረዘረ። መድኃኒቱ አለ፤ ግንዱ አለ፤ «እኔም ጠርጥሬያለሁ» ያለው አለ፤ ማዳበሪያው አለ። ንጹህ ቀን በሳምንት ሁለቴ ቢገኝ ነው። እንዲያም ሆኖ ዝርዝሩ እስከ መስከረም እንኳ አይዘልቅም፤ ከዚያ ወዲያ እሳቸው የሚመጡበት ምክንያት ያልቃል። ይህን ሲያስብ በድንገት ብድግ አለ፤ ጣሪያው ተንኳኳ።

«ጋሽ ያፌት!» ብሎ ጮኸ። «አንድ የማያውቁት አለ! ባለሙያው ‹አፈሩ ጨው ጨው ይላል› ብሎ ነበር፤ እርስዎ ሳይሰሙ ምሳ ጋብዤ ዝም ያሰኘሁት እኔ ነኝ!»

ሽማግሌው ቆሙ። ዳቦ ቤቱም፣ ወረፋውም፣ መንገዱም አብሮ ቆመ። ወደ ኋላ አልዞሩም፤ ከዘራቸውን ብቻ ከፍ አደረጉ።

«ለሐሙስ ያዝልኝ!» አሉና መንገዳቸውን ቀጠሉ።